የታክሲው መስኮት

በኮሮና ጊዜ ከአስኮ ታክሲ ስንሳፈር መስኮት የሚዘጋ ሰው አልነበረም። ገና ሳንቀመጥ ረዳቱ «ክፈቱ! ክፈቱ!» ይላል። ብርድ ይመታኛል እያሉ ክረምት ከበጋ መስኮት የሚያዘጉት ሁሉ ዝም ብለው ይንቀጠቀጡ ነበር። ያን ዓመት እኛ ቤት ጉንፋን እንኳ አልገባም። እኔማ ሰው ለመደ ብዬ ነበር። ምን ይለመዳል! ኮሮናው ረገብ ሲል መስኮቱም ተዘጋ።

ዘንድሮ ታናሽ እህቴ የሳንባ ነቀርሳ ተገኘባት። ጤና ጣቢያ መድኃኒት ያስጀመረቻት ነርስ ማስክ እንድታደርግና ነፋስ የሚገባበት ቦታ እንድትቀመጥ ነገረቻት። ወደ አስኮ ለመመለስ ታክሲ ውስጥ ስንገባ ግን ማስኩን አውልቃ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። ያኔ ሰው የሚያፈጥጠው ማስክ ባላደረገ ላይ ነበር፤ አሁን ባደረገ ላይ ነው። ተናድጄ አጠገቤ ያለውን መስኮት እስከ ጥግ ከፈትኩት።

እህቴ መሳል ጀመረች። ከጎኗ የተቀመጡ አንዲት እናት በላያችን ተንጠራርተው መስኮቱን ዘጉት።

«እማማ፣ ይተዉት፤ ነፋስ ያስፈልጋታል» አልኳቸው።

«ምን ዓይነት ጨካኝ ነሽ? እንዲህ እያሳላት ብርድ ልታስመቻት ነው?»

ታክሲው በሙሉ ከሳቸው ጋር ሆነ። እውነቱን ልናገር አፌን ስከፍት እህቴ እጄን ጭምቅ አድርጋ ያዘችው።

ሴትየዋ ነጠላቸውን አውልቀው አንገቷ ላይ ጠመጠሙላት። «ነይ፣ የኔ ልጅ» ብለው አቀፏት። እህቴም አስኮ እስክንደርስ እዚያው ደረታቸው ላይ ስትስል ቆየች።