ቀን ቤት ማን ይውላል?

ጋሽ ፍሬን የሚለውን ስም ያወጡላቸው የአውቶቡስ ሾፌር ጓደኞቻቸው ናቸው። ድመት መንገድ ካቋረጠች ፍሬን ይዘው ቀጥ ነው፤ ተሳፋሪው ቢሳደብ ጉዳያቸው አልነበረም። ጡረታ ወጥተው ሚስታቸው ስትሞትባቸው ቤታቸውን ሸጡና ገንዘቡን ለአንድያ ልጃቸው ቤት ማሠሪያ ሰጡ። በአዲሱ ቤት ከግቢው በር አጠገብ ያለችውን ክፍል ያዙ። ልጃቸውና ምራታቸው ሥራ፣ የልጅ ልጆቻቸው ትምህርት ቤት ሲውሉ ግቢውን የሚጠብቁት እሳቸው ናቸው።

አንድ ቀን ልጃቸው «አባዬ፣ ጠባቂ ውሻ ልንገዛ ነው፤ ምርጫው ያንተ ነው» አላቸው። ልባቸው ቅቤ ጠጣ። ለካ አሁንም ሰው ናቸው! ውሻ ያለውን ጎረቤት ሁሉ እየዞሩ በጥያቄ አሰለቹ።

ራት ላይ ወሬው ሁሉ ውሻ ሆነ። ምራታቸው ሮትዋይለር ካልሆነ አለች።

«እሱን ተይኝ! በገዛ ቤቴ እየፈራሁ ልግባ?» አሉ። ላብራዶርን ደግሞ «ሌባውን እጁን ልሶ ሳሎን ያስገባዋል» ብለው ጣሉት፤ ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። የእሳቸው ልብ ጀርመን ሸፐርድ ላይ ነው፦ ጆሮው የቆመ፣ ትእዛዝ የሚሰማ፣ ከጌታው እግር የማይለይ። ከሰዓት በኋላ ወንበራቸውን ደጅ አውጥተው ሲቀመጡ እግራቸው ሥር ሲተኛ ይታያቸዋል። ስም ሳይቀር በልባቸው አውጥተውለታል።

ቅዳሜ ከልጃቸው ጋር አንዲት ውሻ አርቢ ዘንድ ሄዱ። ሴትዮዋ ለመጣው ሁሉ አትሸጥም፤ መጀመሪያ ትጠይቃለች።

«ጋሼ፣ ዘሩን ኋላ እንመርጣለን። ቀን ቤት ማን ይውላል?»

«እኔ ነኛ!»

ልጅየው አባቱን ሳያይ ለሴትዮዋ «ከሚመጣው ወር ጀምሮ ማንም አይውልም» አላት። «ለአባዬ የአረጋውያን መኖሪያ ውስጥ ቦታ አግኝተንለታል። ብቻውን መዋል የሚችል ነው የምንፈልገው።»

«እንግዲያው ሸፐርድ አይሆናችሁም» አለች ሴትዮዋ ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «እሱ ሰው ይፈልጋል። ብቻውን ከዋለ ሲያላዝን ነው የሚውለው።»

ዶሮን ሲያታልሏት በመጫኛ ጣሏት ይባላል። ጋሽ ፍሬን ግን መጫኛውንም ያቀበሉት ራሳቸው ናቸው፤ ተተኪያቸውን ሲያማርጡ ከረሙ። ራት ላይ ያ ሁሉ ሳቅ! ምራታቸውም ታውቅ ነበር። ያላወቀው መራጩ ብቻ ነው።

«መቼ ልትነግረኝ ነበር?»

«ውሻው ግቢውን ከለመደ በኋላ ነዋ፣ አባዬ። እንዳንተ አድርጎ የሚያለማምደው የለም።»

ጋሽ ፍሬን ወደ ሴትዮዋ ዞሩ።

«ልጄ፣ ለውሻው እንዲህ ካሰብሽለት፣ እስቲ ስለ እኔም ጠይቂልኝ፤ ብቻውን መዋል ይችላል ወይ በይው።»

ሴትዮዋ ልጅየውን አየችው። እሱ የመኪናውን ቁልፍ ያይ ነበር።