ጠብታ እና የዘሪሁን ኮምፒውተር

ባሌ ወንድምአገኝ የጭነት መኪና ከያዘ ሃያ ስድስት ዓመቱ ነው። አሰላ ውስጥ ግን በስሙ የሚጠራው የለም፤ መኪናውን በጠብታ ናፍጣ ነው የሚነዳው ለማለት «ጠብታ» ይሉታል። ስንዴ ጭኖ አዳማ ደርሶ ሲመለስ እንደሱ ነዳጅ የሚቆጥብ ሾፌር አልነበረም። ያንን ስም ከእኔ አስበልጦ ይወደዋል ብል አልዋሸሁም።

ዘዴውን ሁሉም ያውቀዋል። ከኢተያ በኋላ ቁልቁለቱ ሲጀምር ማርሹን ፎሌ ያደርገዋል፤ መኪናው ከማርሽ ወጥቶ በገዛ ክብደቱ ወደ ዴራ ይንከባለላል። ለአንድ ነጋዴ አብሮት የሚነዳው ዘሪሁን ግን ይህን አይሞክርም። ፍሬን ይከዳኛል እያለ ቁልቁለቱን በማርሽ ነው የሚወርደው። ባሌም «ፈሪው» የሚል ስም አወጣለት፤ ስንት ዓመት አሾፈበት።

ነጋዴው አሮጌዎቹን ሸጦ ኮምፒውተር ያላቸው ሁለት አንድ ዓይነት መኪኖች ሲያመጣ ነገሩ ተገለበጠ። ቅዳሜ ቅዳሜ ሁለቱም አንድ ማደያ ቆመው ታንከሩን አፉ ድረስ ይሞላሉ፤ በእኩል ጉዞ ብዙ ናፍጣ የቀዳው ምሳ ይጋብዛል። ዘሪሁን ናኢማ የምትባል ቴክኒሻን ጋ ሄዶ የሞተሩን ፕሮግራም ናፍጣ እንዲቆጥብ አድርጋ እንድታስተካክልለት አደረገ። በዚያው ቅዳሜ ጋባዡ ጠብታ ሆነ። በቀጣዩም ቅዳሜ እሱው ነበር።

ቅናት እንዲህ ሰው እንደሚያከሳ አላውቅም ነበር። ራት ላይ ዘሪሁን፣ አልጋ ላይ ዘሪሁን። እኔን አንድ ቀን እንኳ እንደዚያ አስቦኝ አያውቅም፤ ይህንንም ነገርኩት። በመጨረሻ ኩራቱን ዋጥ አድርጎ ናኢማ ጋ ሄደና የዘሪሁንን ፕሮግራም ጫኝልኝ አላት። ጫነችለት። ቅዳሜ ልዩነቱ ጠበበ፤ ጋባዡ ግን አሁንም እሱ ነበር። ለዘሪሁን የተሻለውን ሰጥታዋለች ብሎ እየተንጨረጨረ ተመለሰባት። እንዳይጣላ ብዬ አብሬው ሄድኩ።

ናኢማ ላፕቶፗን ሰክታ የጉዞውን መረጃ ስታይ ቆየች። «ጋሼ፣ ቁልቁለቱን በፎሌ ነው እንዴ የሚወርዱት?» አለችው።

ኮራ ብሎ አዎ አላት።

«ይሄ ሞተር እኮ ማርሽ ውስጥ ሆኖ እግርዎን ከነዳጅ መስጫው ሲያነሱ፣ ኮምፒውተሩ ናፍጣውን ጭራሽ ይዘጋዋል። ሞተሩን የሚያዞረው ጎማው ነው። ፎሌ ካደረጉት ግን ሞተሩ እንዳይጠፋ ናፍጣ ይሰጠዋል። የሁለታችሁም ፕሮግራም አንድ ነው። ጋሽ ዘሪሁን የሚበልጥዎ በአወራረዱ ነው።»

ባሌ ዘሪሁን ይህን ያውቅ እንደሆነ ጠየቃት። አያውቅም፣ እሱም ምስጋናውን ሁሉ ለኮምፒውተሩ ነው የሚሰጠው አለችው።

በማግስቱ እህቴን ልጠይቅ አዳማ ስሄድ ጋቢና ውስጥ ነበርኩ። ኢተያን እንዳለፍን እጁ ልማዱን ይዞ ወደ ማርሹ ሄደ፣ ነካው፣ ተወው። ቁልቁለቱን እንደ ፈሪው ወረደ።

ቅዳሜ እኩል ቀዱ። ዘሪሁን ከልቡ ደስ አለው፤ ምሳውን አብረን እንክፈል ብሎ ትከሻውን አቀፈው። «እኔማ ፈሪ ነኝ ጠብታ፣ የሾፌርነቱ ነገር ያንተ ነው። አንተ ላይ ያደረሰኝ ኮምፒውተሩ ነው» አለው።

እኔ ባሌን አየሁት። አንድ ቃል ነበር የሚጠበቅበት። እሱ ግን ዓይኔን ሸሸ።

«አዎ» አለ፣ «ኮምፒውተሩ ነው።»