በበዓል ቀን ያልተሰመሩ መስመሮች

ያን ቀን በጤና ጣቢያው አዳራሽ የነበርነው እነዚህ ነን፦ ጥናቱን የሠራችው ሲስተር፣ የጤና ጣቢያው ኃላፊ፣ ለምክር የተጠሩ አንድ ቄስ፣ ሰባት እናቶች ከነልጆቻችን፣ አማቴ፣ ደግሞም ማንም ሳይጠራት በሩ ላይ የተኛች ፍየል። ፍየሏን የቆጠርኳት ነገር ማጉደል ስለምፈራ ነው።

ልጆቻችን ያለጊዜያቸው የተወለዱ፣ እፍኝ የማይሞሉ ነበሩ። ሲስተር ራቁታቸውን ደረታችን ላይ አጣብቀን በነጠላ እንድናስራቸው አስተማረችን። በሌላ አገር ተጠንቶ የተረጋገጠ ነው፣ በእኛ ቤትም ይሠራ እንደሆነ እንየው አለች። ላቀፍንበት ሰዓት ሁሉ አንድ አንድ መስመር የምናሰምርበት ወረቀትም ሰጠችን። እኔ ከአራተኛ ክፍል ወዲህ እርሳስ ይዤ ስለማላውቅ፣ እንዳይጣመምብኝ በክብሪት ቀፎ ጠርዝ አሰምር ነበር።

ውጤቱን ልትነግረን ትልቅ ወረቀት ግድግዳው ላይ ለጠፈች። ልጆቹ ኪሎ መጨመራቸውን ስትናገር እልል ልንል ምንም አልቀረን። ያቀፍንበትን ሰዓት የሚያሳየው መስመር ግን ደህና ሲሄድ ቆይቶ፣ ወሩ በገባ በአሥራ ሁለት፣ ከደጀን ወደ ዓባይ እንደሚወርደው መንገድ ቁልቁል ይወርዳል። በሃያ አንድም፣ በሃያ ዘጠኝም እንዲሁ። በዓል ሲሆን ልጁን አውርደው ማኅበር ይሄዳሉ ማለት ነው ብላ ሲስተር አዘነች። ኃላፊውም እንዲህ ከሆነ በቤት አይሆንም፣ ከእንግዲህ ትንንሾቹ ኪሏቸው እስኪሞላ ደብረ ማርቆስ ሆስፒታል ይቆዩ አለ።

አጠገቤ የተቀመጠችው፣ ከይጁቤ የመጣችው እናት ልጇን ጠበቅ አደረገች። ከሁሉም ያንስ የነበረው የእሷ ነው። ቤት የተወቻቸው ሦስት ልጆችና የታመመ ባል አሏት።

"እኔ ሆስፒታል አልቆይም" አለችኝ በሹክሹክታ። "ይዤው አገሬ እገባለሁ።"

እንዲያ ሸሽታ ብትቀር ልጁን ማን ይመዝንላታል ብዬ አሰብኩ። እጄን አነሣሁ፤ መልሼ አወረድኩ፤ እንደገና አነሣሁ።

"ሲስተር፣ ልጁን አላወረድኩም። እርሳሱን ነው ያወረድኩት።"

"ለምን?"

"በዓል ነዋ።"

አማቴ ከኋላ ተነሡና በማርያም ዕለት ሥራ ትሠሪያለሽ ወይ ብለው እርሳሱን የቀሙኝ እርሳቸው መሆናቸውን ተናዘዙ። የቀሩት እናቶችም በየተራ እኔም፣ እኔም አሉ። ሲስተር ወደ ግድግዳው ቁልቁለት አየች፤ ከዚያ ወደ ቄሱ ዞረች።

"መምሬ፣ መስመር ማስመር ሥራ ነው እንዴ?"

ቄሱ ጢማቸውን ያዝ አደረጉ። "መስመሩ ለማግስቱ ይደርሳል" አሉ። "ልጅ ማቀፍ ግን ሥራ ከሆነ፣ እመቤታችን አንድም በዓል አላከበረችም።"

ኃላፊው ሳይወድ ሳቀ። በቤት ማቀፉ እንዲቀጥል፣ የበዓሉ በማግስቱ እንዲሰመር ተስማሙ። የይጁቤዋ እናት አዲስ ወረቀት ተቀብላ፣ በየሳምንቱ ልታስመዝን ቃል ገብታ ሄደች። አንድ ጊዜ መጣች፤ ከዚያ መንገዱ ተዘጋና ቀረች።

ቀጭን ናት፤ ግራ ጉንጯ ላይ ማርያም ስማታለች። ልጁ አሁን ዳዴ ሊል ይገባዋል። ወደ ይጁቤ የምትሄዱ ካላችሁ፣ ደህና መሆኑን ጠይቃችሁ ንገሩኝ።