ሽምግልና በሰሜን ባሕር ዳር

ቅዳሜ ማለዳ እኔና ጋሼ ተፈራ ከፍራንክፈርት ተነሣን። የመንገዳችን ጉዳይ ሽምግልና ነበር። ፌኸንሃይም ሰፈር መጋዘን ውስጥ የሚሠራው ዳዊት፣ ቪብከ የምትባል ነርስ ወዶ፣ እሷም እሺ ብላዋለች። አባቷ ሄር ሃይኮ፣ በእኛ አቶ ሃይኮ፣ በሰሜን ባሕር ዳር፣ ቡዙም በምትባል ከተማ ዓሣ አጥማጅ ነበሩ፤ አሁን ጎመን ያመርታሉ። ልጅቷ ስለ ዳዊት ብትነግራቸውም ከሳቸው በኩል ቄሱም ዝም መጽሐፉም ዝም። የዳዊት እናት ደግሞ ደሴ ተቀምጠው «ሽማግሌ ያልተላከበትን ትዳር አልመርቅም» ብለዋል። ልጁ እዚህ ዘመድ የለውምና ዕጣው በእኛ ላይ ወደቀ።

ጋሼ ተፈራ ሰማንያ ሊሞላቸው ትንሽ የቀራቸው፣ ጡረታ የወጡ መሐንዲስ፣ ለወግ ሟች ናቸው። ሁለታችንም ጥቁር ሙሉ ልብስ እንድንለብስ ያዘዙት እሳቸው ናቸው።

ዳዊት ሊሸኘን ጣቢያ መጥቶ፣ «ቪብከ ቴርሚን፣ ቀጠሮ፣ ይዛላችኋለች፤ ለአባቷ ከፍራንክፈርት እንግዶች ይመጣሉ ብላቸዋለች» አለን።

«ለሽምግልናም ቴርሚን!» አሉ ጋሼ ተፈራ። «ለምን እንደምንመጣስ ነግራቸዋለች?»

«አልነገረችም። እርስዎ አይደሉ የከለከሉት?»

«ደግ አደረገች። ጉዳዩን ሽማግሌው ራሱ ቆሞ ነው የሚናገረው።»

ከሃምቡርግ ወዲያ

ሃምቡርግ ላይ ባቡር ቀየርን። ጋሼ ተፈራ አንድ ስኒ ቡና አምስት ዩሮ መሆኑን ሲሰሙ ከቦርሳቸው ውሃ አወጡ። ከዚያ በኋላ አገሩ ሜዳ ብቻ ሆነ፤ ተራራ ለለመደ ዓይን ማረፊያ የለውም። ሰማዩ ዝቅ ብሎ ሣሩ ላይ የተኛ ይመስላል። ባቡሩ ረጅም ድልድይ ላይ ሲወጣ ቁልቁል ተመለከትኩ፤ አንድ ትልቅ መርከብ በላሞች መካከል ቀስ እያለ ይሄዳል። ቦይ ውስጥ እንደሆነ የገባኝ ቆይቶ ነው።

«አዩት ጋሼ?»

«ዝም በል፤ ከነቃን ይጠፋል» አሉኝ።

ሃይደ ከምትባል ከተማ ትንሿን ባቡር ያዝን። ግራና ቀኙ ጎመን ነው፤ አረንጓዴው ከወይን ጠጁ እየተፈራረቀ እስከ ሰማይ ጥግ ይሄዳል። ሰዎች ጎንበስ ብለው ይቆርጣሉ፣ ትራክተር ከኋላቸው ይከተላል። በመስኮቱ የጎመንና የጨው ሽታ ተቀላቅሎ ይገባል። ለምን እንደመጣሁ ለጥቂት ጊዜ ረሳሁት።

ቡዙም

ከተማዋ ከትልቅ የአፈር ግድብ ኋላ ተቀምጣለች። ግድቡ ላይ በጎች ይግጣሉ። ባሕሩን ለማየት ወጣን፤ ባሕር ግን የለም። ዓይን እስከሚደርስበት የሚያብረቀርቅ ጭቃ ብቻ ነው፤ በሩቁ ሰዎች በባዶ እግራቸው ሲሄዱ በሰማይ ላይ የሚራመዱ ይመስላሉ። ወደቡ ላይ ሽሪምፕ የምትሸጥ ሴት «ሞይን» አለችን፤ እዚህ ጠዋትም ማታም ሰላምታው እሱ ነው። ባሕሩ የት እንደሄደ ጠየቅኋት። «ከሰዓት ይመለሳል፤ አትቸኩሉ» አለች።

የሄር ሃይኮ ቤት ከጎመኑ ማሳ ዳር ነው። ረጅም፣ ፊታቸውን ነፋስ ያቀላው ሰው ናቸው። ዳቦ፣ ቅቤና አንድ ሳህን ሽሪምፕ ጠረጴዛው ላይ አቅርበው ጠበቁን። «ተቀመጡ» አሉን። አልተቀመጥንም። ሽማግሌ ጉዳዩ ሳይሰማለት አይቀመጥም፤ እህልም አይቀምስም። ጋሼ ተፈራ የኮታቸውን ቁልፍ ቆለፉ።

«ቆመን የምንነግርዎ ነገር አለ። ስለ ልጅዎ ስለ ቪብከ ነው» አሉና ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

ሰውየው ክው አሉ። የወንበሩን መደገፊያ ጨብጠው፣ «ሞታለች?» አሉ።

ጋሼ ተፈራ ሌሊቱን ሲያጠኑት ያደሩት ንግግር ሁሉ ጠፋባቸው። «ኧረ ደህና ናት! ለጋብቻ ነው፤ ልጅዎን ለልጃችን ልንጠይቅ ነው የመጣነው» ብለው ባንድ ትንፋሽ ዘረገፉት።

ሄር ሃይኮ ተቀመጡ። ከዚያ ነገሩን። በዚህ ቤት ሁለት ጊዜ ጥቁር የለበሱ ሰዎች ገብተው አንቀመጥም ብለዋል፤ መጀመሪያ አባታቸውን፣ ኋላም ወንድማቸውን ባሕር የወሰደ ቀን። ጀልባቸውን ሸጠው ወደ ጎመኑ የዞሩትም ያኔ ነው። እኛስ መርዶ የማናውቅ ሰዎች ነን? ማለዳ በር ላይ የሚቆሙ ሽማግሌዎች ምን ይዘው እንደሚመጡ ማን ሊያስተምረን! በጣም አፈርኩ።

ስልካቸውን አንሥተው ልጃቸው ጋ ደወሉ። ሥራ ላይ ነበረች። «ምንም አይደለም፤ ድምፅሽን ልስማ ብዬ ነው» አሏት። እሷ ስታወራ ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሟት።

ከዘጉ በኋላ፣ «የምትወስነው እሷ ናት» አሉን። «እኔን የጠየቀኝ ሰው መኖሩ ግን ደስ አሰኝቶኛል። ይሁን፤ መርቄያለሁ። አሁን እባካችሁ ተቀመጡልኝ።»

ተቀመጥን። ጋሼ ተፈራ ሽሪምፑን «የባሕር አንበጣ» ብለው ወደኔ ገፉት፤ እኔ ጴንጤው ጨረስኩት። ከሰዓት በኋላ ሦስታችን ግድቡ ላይ ተቀምጠን ባሕሩ ሲመለስ አየን። ድምፅ የለውም። ጭቃው ላይ ቀጫጭን የውሃ መንገዶች ይወጣሉ፣ ይገናኛሉ፣ ከዚያ ሜዳው ሁሉ ሰማይ ይሆናል።

«ልጁ መዋኘት ይችላል?» አሉ ሄር ሃይኮ።

«አይችልም» አልኩ።

«እሰየው፤ ባሕር አይገባም ማለት ነው» አሉ።

ወደ ቤት

እሳቸው ዘንድ አድረን እሑድ ተመለስን። ዳዊት እየደጋገመ መልእክት ይልካል፤ ጋሼ ተፈራ ግን መልስ በስልክ አይነገርም ብለው ከለከሉኝ። ጋሉስ ሰፈር እሳቸው ቤት ገብተን፣ ውሃ ጠጥተን፣ በወጉ ይነገረዋል አሉ። ከዚያ በኋላ ጎመኑ በመስኮት ሲያልፍ ያያሉ።

ፍራንክፈርት ስንደርስ ዳዊት ፕላትፎርሙ ላይ ቆሟል። ጥቁር ልብሳችንን አየ፣ ፊታችንን አየ፤ አንድ እርምጃ እንኳ ወደኛ መምጣት አልቻለም። ጋሼ ተፈራ ገና ከባቡሩ ሳይወርዱ፣ በሰው ጭንቅላት ላይ፣ «ሰጥተውሃል! ልጄ፣ ሰጥተውሃል!» ብለው ጮኹ።

ወግ ደግ ነው፤ አሁንም አከብረዋለሁ። ደስታ ይዞ የሚሄድ ሰው ግን ከደጅ ጀምሮ ይናገር። ደሴ የደወልነው ከዚያው ከፕላትፎርሙ ነው። እናትየው ስልኩን ሲያነሡ ሰላምታ እንኳ አላስቀደምኩም።