ዛፍ የሚያንኳኩት አናጢ

ዛፍ ቆርጦ የሚያድር ሰው ለዛፍ ሲሳሳ አይቼ አላውቅም፣ ከእኒያ አናጢ በቀር። መርሳ ከተማ ውስጥ በሩን ወይ አልጋውን እሳቸው ያልሠሩለት ቤት ቢፈለግ ጥቂት ነው። ዘንድሮ ክረምቱ ሳይገባ አረፉ። እስላሙም ክርስቲያኑም ወጥቶ ቀበራቸው። እኔ ትምህርቴን ሦስተኛ ክፍል ላይ ነው የተውኩት፤ ቢሆንም ስለሳቸው የማውቀውን እንደመጣልኝ ልጻፈው።

ሱቃቸው በራፍ ላይ በግማሽ የመኪና ጎማ ውሃ ተሞልቶ ይቀመጣል። የገበያ ቀን ከሀብሩ ገጠር እህል ተጭነው የሚመጡ አህዮች እዚያ ቆመው ይጠጣሉ። ባለአህያው ቸኩሎ ሊነዳ ሲል «ቆይ እንጂ! አንተ ተሸክመሃት ነው የመጣኸው? ትጠጣ!» ይሉታል። ጀርባዋ የተላጠ አህያ ካዩማ ከጭነቱ ሥር የሚገባ ጨርቅ ከቤታቸው ያመጣሉ፤ ሚስታቸው ስንቱን አንሶላ እንደፈለገች አጥታዋለች። ከሲሪንቃ ችግኝ እያመጡም በየሰው ደጅ ይተክሉ ነበር። ሳይጠይቁ ነው ታዲያ! ጠዋት ስትነሺ ደጅሽ ላይ ችግኝ ቆሞ ታገኛለሽ።

ከሁሉ የሚገርመው ግን ዛፍ ሲቆርጡ ነው። ምሳራቸውን ገልብጠው ግንዱን ኳ ኳ ያደርጉና፣ ሰው ግቢ እንደሚገባ እንግዳ፣ «ቤቶች! ቤቶች!» ብለው ይጣራሉ። ከዚያ ቀና ብለው ይጠብቃሉ። ወፍም ይሁን ንብ፣ አንድ የሚኖርበት ነገር ካለ መጋዛቸውን ተሸክመው ይመለሳሉ። የሰፈሩ ጎረምሳ «ጋሼ፣ ዛሬም አላስገቡዎትም?» ብሎ ሲያሾፍባቸው፣ «ምሳ ላይ ናቸው፣ ሌላ ጊዜ ና ብለውኛል» ይላሉ፤ አይቆጡም።

እኔ ደግሞ ፈሪ ነኝ። ጓሮዬ ትልቅ ዋንዛ አለ፣ ግንዱ ላይ ጎድጓዳ ያለበት። ባለቤቴ ያረፈ ሰሞን እዚያ ዛፍ ላይ ጉጉት ስትጮህ ሰነበተች። ጉጉት ቤት ላይ ከጮኸች ከዚያ ቤት ሰው ይወጣል ሲባል ሰምቼ ነው ያደግሁት፤ ወጣም። ከዚያ በኋላ ድምጿ ጠፍቶ ነበር። ታላቋ ልጄ የመጀመሪያ ልጇን ልትወልድ፣ እንደ ወጉ እኔ ዘንድ መጣች። መጥታ ብዙም ሳትቆይ ያቺ ጉጉት እንደገና ጀመረች። ምን ልበላችሁ፣ እህል አልበላ አለኝ። ለልጄ አልነገርኳትም። ለእሳቸው ግን ሄጄ ነገርኳቸው።

«ጋሼ፣ ዋንዛዬን ይቁረጡልኝ። እንጨቱን በነፃ ይውሰዱት።»

ዋንዛ ለአናጢ ምን ማለት እንደሆነ የሚያውቅ ያውቀዋል። ሌላ ቢሆን እኔ ቤት ሳልደርስ ቀድሞኝ ይደርስ ነበር። እሳቸውም መጡ፤ እንደ ልማዳቸው አንኳኩና «ቤቶች!» አሉ። ከጎድጓዳው ውስጥ አንድ ክብ ፊት ብቅ አለ። እኔ ጮኼ ወደ ቤት ሮጥኩ። እሳቸው መሰላል አስጠግተው ወጡ፣ አዩ፣ ወረዱ፤ ከዚያ ምሳራቸውን በጆንያ መጠቅለል ጀመሩ።

«ምነው ጋሼ?»

«አራስ ናት» አሉኝ።

«ማን?»

«ጉጉቷ ነቻ! ጫጩቶች አሏት፤ ገና ላባ እንኳ አላወጡም። አራስ ከቤቷ ላስወጣ?»

«የኔይቱስ? የኔይቱ ብትሞትብኝስ?»

አልሳቁብኝም። ይሄ አጉል ወሬ ነው ብለውም አልገሠጹኝም። ግንዱ ሥር ቁጭ አሉና፣ «አብሽሪ ልጄ። ጫጩቶቹ ይብረሩ። ያኔም ፍርሃቱ ካልለቀቀሽ እኔው ራሴ እቆርጠዋለሁ። እስከዚያ ማታ ማታ እየመጣሁ አብሬሽ እቀመጣለሁ» አሉኝ።

እንዳሉትም አደረጉ። መግሪብ ሰግደው ይመጣሉ፤ በረንዳ ላይ በርጩማ አወጣላቸዋለሁ። ጉጉቷ ስትጮህ እኔ ማማተብ እጀምራለሁ፤ እሳቸው «አይጥ ይዛላቸው መጣች ማለት ነው፤ እራት ደርሷል እያለቻቸው ነው» ይሉኛል። እያሉኝም አላረፍኩም። ሐራ ከተማ የሞተር መጋዝ ያለው ሰው አለ ሲሉኝ ስልክ ቁጥሩን ተቀብዬ መቀነቴ ላይ ቋጥሬ ነበር። ሳልደውል የልጄ ምጥ መጣ።

ያን ቀን አመሻሽ ላይ ነው። ጤና ጣቢያ ወሰድናት፤ አዩዋትና ወልድያ ትሂድ፣ አምቡላንስ እስኪመጣ ልብስና ገንፎ የሚሆን ነገር ያዙላት አሉኝ። ለዚያ ወደ ቤት ተመልሼ፣ ዕቃዬን ባጃጅ ላይ ሳስጭን ጉጉቷ ከዋንዛው ላይ ጮኸች። ዘንቢሉ ከእጄ ወደቀ፣ ዱቄቱ ተበተነ።

እንደ ልማዳቸው ሊያመሹ የመጡት አናጢ ዘንቢሉን አነሱልኝ። ከዚያ ወደ ዛፉ ዞረው፣ ሰፈሩ እስኪሰማ ድረስ፦

«አቤት!» አሉ።

እኛ ዘንድ በማምሻ የማይታይ ነገር ሲጠራ አቤት አይባልም። አቤት ያለው ነው የሚሄደው። ይሄን ሕፃን እንኳ ያውቃል፤ እሳቸው አጡት አልልም። አሁንም ጮኸች።

«አቤት! ሰምቻለሁ! የጠራሽው እኔን ነው፤ እናትና ልጁን ተያቸው!» አሏት። ወደ እኔ ዞረው ደግሞ ቀስ ብለው፣ «በይ ሂጂ። የምትፈልገውን ሰው አግኝታለች» አሉኝ።

ባጃጅ ነጂው እንኳ አማተበና ሞተሩን አስነሳ።

በአምቡላንስ ሲሪንቃን ስናልፍ ልጄ እጄን ጨምቃ ትጮሃለች፤ እኔ እመቤቴን እለምናለሁ። የለመንኳት ግን ስለ ልጄ ብቻ አልነበረም። ሌሊቱን ወልድያ ሐኪሞቹ ደከሙላት፤ ሲነጋ ሴት ልጅ ተገላገለች። ለአናጢው ደወልኩ።

«እንኳን ማርያም ማረቻት!» አሉኝ፣ እስላም ሆነው። «ሴት ናት ወንድ?»

«ሴት ናት። እርስዎስ ደህና አደሩ?»

«አልሐምዱሊላህ። ልጅቷ ጡት ያዘች?» ብለው ወሬውን ወደ ሕፃኗ መለሱት።

ጫጩቶቹ በኋላ በረሩ። ዋንዛውን ይቁረጡልኝ ብዬም ዳግመኛ አላነሳሁ። እሳቸውም ከዚያ በኋላ ዓመታት ኖሩ፤ ያቺ ሕፃን ትምህርት ቤት ስትገባ አይተዋል። እኔ ግን ከወልድያ የተመለስን ዕለት ይሄን ሁሉ አላውቅም። አራሷን አስተኝቼ በቀጥታ ወደ ሱቃቸው ሮጥኩ። በሩ ክፍት ነው። ጢማቸው ሰጋቱራ ለብሶ ሳንቃ ይልጋሉ።

«ሞተዋል ብለሽ ነው አይደል የመጣሽው?» አሉኝ።

«አዎ» አልኳቸው፤ ምን እዋሻለሁ።

ሳቁ። ደጁን ግራና ቀኝ አዩ፤ ሰው እንደሌለ አረጋገጡና ድምጻቸውን ዝቅ አደረጉ።

«እኔም እኮ ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም» አሉኝና ወደ ሳንቃቸው ጎንበስ አሉ።