የእናቴ ጥላና የእኔ ልብ

ስወለድ ልቤ ላይ ቀዳዳ ነበረ። በልጅነቴ አዲስ አበባ ወስደው ደረቴን ከፍተው ሰፉልኝ። እናቴም «ልጄን ካዳንሽልኝ» ብላ የተሳለችውን አልረሳችም፤ ከደባርቅ ደረስጌ ማርያም ድረስ በእግሯ ሄዳ፣ ዘርፉ የሚያብረቀርቅ ቀይ ጥላ አስገባች። በእኛ አገር ስለት ከገባ ነገሩ አበቃ ማለት ነው። ሐኪሙ «በየጊዜው እያመጣችሁ አሳዩዋት» ያለው ቃል እዚያው ቀረ።

አደግሁ፣ አገባሁ፣ ወለድሁ። አንድ ቅዳሜ ገበያ ላይ ብቅል ስሰፍር ልቤ ድንገት ጋለበ። ፈረስ እንዳልለው ልጓም የለው! ዓይኔ ጨለመና ብቅሉ ላይ ተደፋሁ።

«ምነው እቴ፣ ጠላው ሳይጠመቅ ሰከርሽሳ!» አለች ገዢዬ ስታነሳኝ።

ጎንደር ሄጄ ተመረመርሁ። «ቀዳዳው ደህና ተደፍኗል» አለኝ ሐኪሙ። «ግን ስፌቱ ጠባሳ ትቷል። የልብሽ ምት ጠባሳው ዙሪያ እየተሽከረከረ መንገዱን ይስታል። አዲስ አበባ ሄደሽ ካልታከምሽ ለሕይወትሽ ያሰጋል።»

እናቴ ይህን ስትሰማ ከመደቡ ተነሣች። «ስለቴን አስገብቼ ዳግም ሐኪም ቤት? እመቤቴን ‹ግማሹን ነው የማርሽልኝ› ልበላት? አይሆንም!»

ያለ እሷ ምርቃት እግሬ ከደጅ አይወጣም። ልቤ ደግሞ ሌሊትም ቀንም መጋለቡን አልተወም። ባሌ አንዴ እኔን፣ አንዴ እሷን ያያል።

አንድ ቀን እናቴ ሐርና መርፌ ስታሰናዳ አየሁና፣ «ለምንድን ነው?» አልኋት።

«ለጥላዬ ነዋ! ዘርፉን ነፋሱ ቦጭቆታል። በየዓመቱ የምሰፋው እኔ አይደለሁ?»

«ስለት ከገባ በኋላ ይሰፋል እንዴ፣ እማዬ? እመቤቴ አትቀየምሽም?»

«አሁን ምን ያስቀይማታል? የሰጡትን መጠበቅ...» ብላ ጀምራ አቆመች። መርፌዋን ሐሩ ላይ ሰክታ ደረቴን አየች። ከዚያ ሣቀች። «አንቺ! ልብሽን ሲሰፉ ምላስሽንም ምነው በሰፉት! በይ ሂጂ፣ እመቤቴ ትከተልሽ።»

አዲስ አበባ ደረቴን እንደ ድሮው አልከፈቱትም። በብሽሽቴ የደም ሥር ቀጭን ሽቦ ወደ ልቤ ሰደዱና ምቱን የሚያስተውን ቦታ ተኮሱት። ልቤ ረጋ። ዛሬ የሐኪም ቀጠሮዬን የምታስታውሰኝ እናቴ ናት።

ባለፈው ክብረ በዓል ደረስጌ አብረን ቆመን ታቦት ሲወጣ ቀዩ ጥላ ብቅ አለ። እናቴ አጠገቧ ያለችውን ሴት በክርኗ ጎሸም አደረገቻት።

«ያ ጥላ የኔ ነው» አለች፣ ቀጥላም ወደ እኔ ጠቁማ፦ «ይችም የኔ ናት። ሁለቱንም እየጠገንን ነው ለዚህ ያበቃናቸው!»