ቅጠል በጣሹ ድሬሰር

እመት ፈንታነሽ መጀመሪያ ያዩት ድሬሰሩ በእጁ የያዛቸውን የጽጌረዳ ቅርንጫፎች ጫፍ ነው። ሦስቱም በአንድ በኩል ቀጥ፣ በሌላው በኩል ሰያፍ ተደርገው ተቆርጠዋል። ይህ ምልክት ነው፤ ምልክት ደግሞ የቅጠል በጣሽ ሥራ ነው። ውስጥ ነፍሰ ጡር ልጃቸው ተኝታለች።

የጤና ጣቢያው ቁስል አጣቢ፣ ድሬሰሩ ገብረ ሚካኤል፣ የሐረር ሰው ነው። ቢቸና ሳለ ከተለቃቀመ ቅርንጫፍ የጽጌረዳ አጥር አቁሞ ወደ ሞጣ ተዛወረ ይባላል። የተቆረጠ እንጨት መልሶ ሲያቆጠቁጥ ባየ ቁጥር እንደ ሕፃን ይገረማል። ዛሬ ግን ከእመት ፈንታነሽ አጥር ሳያስፈቅድ ቆርጦ ተያዘ።

«አንተ! በማን ላይ ልትደግምበት ነው?»

«ኧረ እማማ፣ ልተክለው ነው! ሰያፉ በሥር፣ ቀጥ ያለው በራስ በኩል ይሆናል። ተዘቅዝቆ ከተተከለ አይጸድቅም።»

«እንግዲያስ እዚሁ ፊቴ ትከለዋ!»

ተንበርክኮ ሦስቱንም አጥሩ ሥር ተከለ። እሳቸው ከንፈሩ ይንቀሳቀስ እንደሆነ አፍ አፉን ያዩ ነበር።

«ያን ወፍ ዘራሽ ጎመን እንኳ ነቅዬ ልውሰድ?»

«ወፍ የዘራውም ቢሆን ከደጄ ቅጠል አይወጣም! ልጄ በሰላም ትገላገል፣ ያኔ ትመጣለህ።»

ድሬሰሩ እጅ ነሣ። ምንም እንዳልያዘ እንዲያዩለት ሁለት እጆቹን ወደ ኋላ አጣምሮ፣ ቀስ እያለ ወደ ጤና ጣቢያው ሄደ።